ላጤና ውሮ

(በደሴ ከተማ ብቻቸውን ለሚኖሩ ሠራተኞችና ተማሪዎች በቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ ላይ የተደረገ የእንስሳት ሐኪም ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ብርድ ከየቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አላህ ይስጥልን፣ እግዜር ይስጥልን። ቡናው ገና አቦሉ እየተቀዳ ነው። በረካው ሲደርስ "በቃህ" በሉኝ፤ የድመት ወሬ አንዴ ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም።

የምትስቁ አላችሁ። ሳቁ። መጀመሪያ ግን አንድ ጥያቄ። እዚህ ውስጥ ብቻውን የሚኖር እጁን ያውጣ። እሺ፣ እጃችሁን አታውርዱ። ትናንት ማታ ቤቱ ከገባ ጀምሮ ዛሬ ጠዋት በሩን እስኪከፍት ድረስ ከአፉ አንድ ቃል ያልወጣው ሰው እጁን እንዳወጣ ይቆይ። ስልክ አይቆጠርም። አያችሁ? የወረደው እጅ ከቀረው ያንሳል።

ይሄ ደሴ ላይ ነው። ጎረቤት ሳይጠራ ጀበና በማይወርድበት አገር ላይ ነው። ላጤ ግን ለራሱ ብቻ ብሎ ከሰል አያቀጣጥልም። ለራሱ ብቻ ብሎ ድስት አይጥድም። ቤቱ የሚገባው ደክሞት እንጂ ሰዓት ደርሶበት አይደለም። የእኛ ብቻ ችግርም እንዳይመስላችሁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እኤአ በ2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱን ብቸኝነት እንደሚያጠቃው ጽፏል።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ድመት ለላጤ ምን ታደርጋለች፣ ምንስ አታደርግም። ሁለተኛ፣ ከመንገድ ያነሳችኋትን ግልገል እንዴት ታተርፏታላችሁ፤ ጊዜያችንን የሚበላው ይሄ ነው። ሦስተኛ፣ የጎረቤትና የቁልፍ ነገር።

አንደኛው። ድመት ሚስት አትሆንም፣ ባልም አትሆንም። "ድመት አሳድግ፣ ደስተኛ ትሆናለህ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። በስዊዘርላንድ ዙሪክ እነ ዴኒስ ተርነር ድመት ያላቸውንና የሌላቸውን፣ ብቻቸውንና ከትዳር አጋር ጋር የሚኖሩትን አነጻጽረው እኤአ በ2003 ጥናት አውጥተው ነበር። ያገኙት ነገር ደስ የሚለኝ ስለማያጋንን ነው፦ ድመቷ ክፉውን ስሜት ታቀለዋለች፤ መልካሙን ስሜት ግን አትጨምርም። ልብ በሉልኝ፤ አትጨምርም። የማታውን ከባዱን ነገር ታነሳላችኋለች፣ ሌላው የእናንተ ሥራ ነው። ለእኔ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

እንዴት ታነሳለች? ፍቅር ነው የሚሉ አሉ። ይሁን። በሙያችን የምናየው ግን ከፍቅሩ በፊት ሰዓቱን ነው። የሁለት ወር ግልገል በቀን አራት ጊዜ ትበላለች። ጠዋት ከሥራ በፊት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ፣ ከመኝታ በፊት። አራት ጊዜ "አለሁ" የምትሉት ፍጡር ቤታችሁ ገባ ማለት ነው።

አንድ ልብስ ሰፊ አለ፣ ስሙን አልጠራም፣ ከናንተ መሃል የሚያውቀው ይኖራል። ሱቁን የሚዘጋው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነበር፤ ሥራ በዝቶበት ሳይሆን ቤቱ ምንም ስለማይጠብቀው። እራቱ ሻይ በዳቦ። አንዲት ግልገል ሱቁ ደጃፍ ላይ፣ ጨርቅ ማጠራቀሚያው ውስጥ ተኝታ አገኛት። ለእሷ ብሎ ሥጋ ቤት ሄደ። ለእሷ ብሎ ድስት ጣደ። ድስት ከተጣደ ደግሞ ለራሱም ሽሮ ጣል አደረገ። አሁን 12 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሌላ ተአምር የለውም ታሪኩ። ድመቷም ቢሆን ቆንጆ አይደለችም፣ አንድ ጆሮዋ የተቀደደ ነው።

"ድመት ቤት ማስገባት ንጽሕና ነው ወይ?" ትላላችሁ። ሸኾቹ ከኔ በተሻለ ይነግሯችኋል፤ ግን በአቡ ቀታዳ በኩል የተላለፈውን ሐዲስ ታውቁታላችሁ፤ ድመት ነጃሳ፣ ማለትም ርኩስ፣ አይደለችም፣ በመካከላችሁ ከሚዘዋወሩት ናት ይላል። ትልቁ ሶሐባ፣ የነቢዩ ባልደረባ፣ አቡ ሁረይራ እንኳ መጠሪያቸው የድመት ግልገል አባት ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያንም ወገን፣ ብራና የሚቆረጥም አይጥ ባለበት ድመት ክብር አላት። በዚህ ጉዳይ ወሎ አይጣላም።

እሺ፣ ሁለተኛው። እዚህ ላይ እረጋ እንበል።

መንገድ ላይ ግልገል አየህ። ወዲያው ማንሳት የለብህም። እናቷ ምግብ ፍለጋ ሄዳ ይሆናል። ግልገሏ ደረቅ ከሆነች፣ ሆዷ ሞላ ያለ ከሆነ፣ ዝም ብላ ከተኛች፣ ራቅ ብለህ ጠብቅ፤ ሁለት ሦስት ሰዓትም ቢሆን። መቆም ካልቻልክ ዙሪያዋን ቀጭን ዱቄት ነስንስና ሂድ፤ ስትመለስ የእናት ኮቴ ዱቄቱ ላይ ካለ እናት አላትና ተዋት። እርጥብ ከሆነች፣ ከቀዘቀዘች፣ መኪና መሃል ከሆነች፣ ዝንብ ከወረራት ግን ጥበቃ የለም፣ አንሳ።

ዕድሜዋን እንዴት እናውቃለን? ዓይኗን እዩ። ካልተከፈተ ዕድሜዋ ከሁለት ሳምንት በታች ነው። አፏን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፤ የፊት ጥርሶቿ ብቅ ካሉ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ነው። የዓይኗ ቀለም ሰማያዊ ሆኖ ከቆየ ገና ነች፣ ከስድስትና ሰባት ሳምንት ጀምሮ ይለወጣል። ሚዛንም ይረዳል፤ በርበሬ ሻጭ ጋ ሄዳችሁ መዝኑልን በሉ። በደንብ የበላች ግልገል በአራት ሳምንቷ 450 ግራም አካባቢ፣ በስምንት ሳምንቷ 900 ግራም አካባቢ ትመዝናለች። የመንገድ ልጅ ከዚህ ታንሳለች፤ ጥርሷ ስምንት ሳምንት እያለ ሚዛኑ 500 ካለ ረሃብ ነው።

አሁን የማይወደድ ነገር ልናገር። ብቻህን የምትኖርና ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 11 ሰዓት ሥራ ላይ የምትውል ሰው፣ ከአራት ሳምንት በታች የሆነችውን አታሳድግም። አትችልም። ከሁለት ሳምንት በታች ያለችው በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ትጠባለች፣ ሌሊትም ጭምር። ሽንቷን እንኳ ራሷ አትሸናም፤ እናቷ በምላሷ እንደምታደርገው በሞቀ ውሃ በተነከረ ጥጥ ከበላች በኋላ ከሥር መዳበስ አለባት። እንዲህ ያለች ካገኛችሁ የሚሻለው ሌላ የምታጠባ ድመት መፈለግ ነው። ድመቶች የሰው ልጅ አይበሉ እንጂ የሌላ ድመት ልጅ ያጠባሉ። (ሳቅ) ሰፈሩን ጠይቁ፤ መጋዘን፣ ወፍጮ ቤት፣ እህል በረንዳ ያሉትን ጠይቁ። የምታጠባ ድመት እዚያ አትጠፋም።

ከስድስት ሳምንት በላይ ሆና ካገኛችኋት ግን ሥራው ይቻላል። አብሽሩ።

የመጀመሪያው ሌሊት። ብዙ ሰው ግልገሏን እንዳመጣ ወተት ይሰጣታል። ሁለት ስህተት በአንድ ጊዜ። መጀመሪያ ሙቀት ነው፣ ከዚያ ምግብ። የቀዘቀዘች ግልገል አንጀቷ አይፈጭም፤ የበላችው ሆዷ ውስጥ ይበላሻል፣ ወይም ወደ ሳንባዋ ይገባል። የጤነኛ ድመት ሰውነት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ነው፣ ከኛ ይበልጣል። እንግዲህ ይሄን መዝግቡልኝ፦ እጃችሁ ላይ ስትይዟት ሞቅ ካላለቻችሁ በርዷታል ማለት ነው። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ያለ ሰው የማይቸግረው ብርድ እዚህ ሌሊቱን ግልገል ይገድላል።

ካርቶን አምጡ። ከሥሩ ጋዜጣ፣ ከላዩ አሮጌ ሹራብ። የሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሙሉ፣ የፈላ አይደለም፤ በፎጣ ወይም በካልሲ ጠቅልላችሁ በካርቶኑ አንድ ጥግ ብቻ አስቀምጡ። አንድ ጥግ ብቻ የምለው ሲሞቃት የምትሸሽበት እንዲኖራት ነው። ውሃው በአራት በአምስት ሰዓት ውስጥ ይበርዳል፣ ሌሊት አንዴ ተነስታችሁ ለውጡ። ከሰል አቀጣጥላችሁ ክፍሉን ዘግታችሁ እንዳታሞቋት። የከሰል ጭስ ድመቷንም እናንተንም አንድ ላይ ይወስዳል፤ በዚህ ከተማ ይሄን ለመናገር ሐኪም አያስፈልግም።

ከሞቀች በኋላ ውሃ አላት ወይ ብላችሁ እዩ። ትከሻዋ ላይ ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ሳብ አድርጋችሁ ልቀቁት። ወዲያው ከተመለሰ ደህና ናት። እንደ ድንኳን ቆሞ ቀስ ብሎ ከወረደ ውሃ አንሷታል። ድዷን እዩ፤ ሮዝ መሆን አለበት። ነጭ ከሆነ ደም ጎድሏታል፣ ቁንጫ ወይም ወስፋት ነው፣ ጠዋት ሳይረፍድ ወደ ሐኪም።

አሁን ወተቱ። የላም ወተት ለግልገል አይሆንም። ለምን? የድመት አንጀት በላም ወተት ውስጥ ያለውን ስኳር በደንብ አያፈጨውም። ተቅማጥ ያመጣል፤ የ600 ግራም ግልገል በተቅማጥ በአንድ ቀን ትደርቃለች። "እኛ ቤት ድመት ወተት ጠጥታ ነው ያደገችው" የምትሉኝ አላችሁ፣ አውቃለሁ። ያደገችውን ነው የምታስታውሱት። ያላደጉትን ማን ይቆጥራል?

ለስምንት ሳምንት ግልገል በአንድ ጊዜ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል የተቀቀለ ሥጋ፣ በቀን አራት ጊዜ። ሥጋ ቤት ሄዳችሁ ልብ ጠይቁ። ልብ ርካሽም ነው፣ ጥሩም ነው። ድመት ታውሪን የሚባል ነገር ከምግቧ ካላገኘች ራሷ በበቂ መጠን አትሠራውም፤ ሲጎድላት ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧም ይደክማል። የልቡ ነገር በጥናት የተለየው እኤአ በ1987 ነው። ታውሪኑ ያለው በሥጋ ውስጥ ነው፣ በእንጀራ ውስጥ የለም። ሲቀቀል ደግሞ ወደ ውሃው ይወጣል። ስለዚህ በትንሽ ውሃ ቀቅሉ፣ መረቁንም አብራችሁ ስጧት። መረቁን ደፍታችሁ ሥጋውን ብቻ የምትሰጡ ሰዎች ለድመቷ የሰጣችሁት ፋይዳው ከወጣ በኋላ ያለውን ነው።

ሥጋ ብቻም ቢሆን ችግር አለው። ሥጋ ካልሲየም የለውም። ሥጋ ብቻ የበላች ግልገል በሦስት በአራት ወሯ ታነክሳለች፣ ከአልጋ ዘልላ አጥንቷ ይሰበራል። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅላችሁ፣ አድርቃችሁ፣ እንደ ዱቄት ውቀጡት፤ ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ። ጉበት ትወዳለች፣ ግን በሳምንት አንዴ ትንሽ ቁራጭ ብቻ፤ ቪታሚን ኤው ሲበዛ አጥንቷን ያበላሻል። ከሐይቅ የመጣ ቆሮሶ ዓሣ ካገኛችሁ ቀቅላችሁ እሾሁን በጣት እየለቀማችሁ ስጡ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት በፍጹም፤ ተሰንጥቆ ይወጋታል።

ወጥስ? ወጥ የነካው እንጀራ እኮ ነው የአገራችን የድመት ቀለብ። እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ የኛ ወጥ ምኑ ነው? ግማሹ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉ። በአንዴ አትወድቅም፤ ቀስ እያለች ትገረጣለች፣ ትደክማለች፣ "ሰነፍ ድመት ናት" ትባላለች። ሥጋውን ሽንኩርት ሳይገባ በፊት ቀንሱላት፣ በቃ።

እዚህ ላይ የጾም ነገር አለ። ክርስቲያን የሆናችሁ ላጤዎች፣ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ቤታችሁ ሥጋ አይገባም። ድመት ጾም የላትም፣ ሽሮ አብልታችሁ 55 ቀን አታቆይዋትም። ሌላ ከተማ ቢሆን ሥጋ ቤቱ ሁሉ ተዘግቶ ትቸገሩ ነበር። እዚህ የሙስሊሙ ሥጋ ቤት ክፍት ነው። እኛ ሰዎቹ የየራሳችንን ቢላዋ እንለያለን፣ ድመት ግን የእስላም ሥጋ የክርስቲያን ሥጋ አትልም። የሙስሊም ጎረቤታችሁ ድስት ላይ የእሷም ድርሻ ይቀቀል፤ ለሙስሊሙ ደግሞ በረመዳን ቀን ቤቱ እሳት በማይነድበት ሰዓት ክርስቲያኑ የቀኑን ሁለት ሳህን ያቅርብላት። ይሄን ያደረጉ ሁለት በአንድ ግቢ የሚኖሩ ላጤዎች አሉ፤ ድመቷ በሁለት ስም ትጠራለች።

መጸዳጃዋ ቀላል ነው። ሃያ ሊትር ጀሪካን በቁመቱ ሰንጥቁ፣ ወይም ዝቅ ያለ ሳፋ። የግንባታ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ሙሉበት። አመድ አይሆንም፤ ሽንት ሲነካው መዳፏን ያቃጥላል። ከበላች በኋላ እዚያ ላይ አስቀምጧት፣ የፊት እግሯን ይዛችሁ አሸዋውን አንዴ ጫር አድርጉላት። ሁለት ሦስት ቀን ነው፣ ከዚያ ራሷ ታውቃለች። ካልተጠቀመች ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የናንተ ነው፦ ወይ ከምግቧ አጠገብ አድርጋችሁታል፣ ወይ አልጠረጋችሁትም።

በየቀኑ መጥረግ አለባችሁ። ይሄ ለሽታ ብቻ አይደለም። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ አለ፣ እርጉዝ ሴት ላይ ፅንስ ይጎዳል። ድመት መጀመሪያ ስትያዝ ለአንድ ሁለት ሳምንት ከዓይነ ምድሯ ጋር ታወጣዋለች። የወጣው ግን ወዲያው አይዝም፤ ሰው ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል። ዛሬ የጠረግከው ነገ አይይዝህም። እርጉዝ የሆነች ሴት ሌላ ሰው ይጥረግላት። ደግሞም እውነቱን እንናገር፤ ይሄ ጥገኛ በጥሬ ሥጋም ይገባል፣ ቁርጥ የሚበላ ሰው በድመት ብቻ ማመካኘት አይችልም። ለድመቷም ጥሬ አትስጧት።

ቁንጫ። ትንሽ ግልገል ላይ ብዙ ቁንጫ ደሟን መጥጦ ይገድላታል። ስምንት ሳምንት ከሞላት ፀሐይ ባለበት እኩለ ቀን ላይ በለብታ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቧት። መጀመሪያ አንገቷ ዙሪያ ሳሙናውን እንደ ቀለበት አድርጉ፤ ካላደረጋችሁ ቁንጫው ሁሉ ወደ ፊቷ ይሮጣል። ከዚያ ሰውነቷን፣ ከዚያ በፎጣ ማድረቅ፣ ከዚያ ጥቅጥቅ ባለ ማበጠሪያ ማበጠር፣ ማበጠሪያውን ሳሙና ውሃ ውስጥ መንከር። ዱቄቱን፣ የሚነፋውን፣ የውሻውን መድኃኒት አትንኩ! ፐርሜትሪን የሚባለው ለውሻ ደህና ነው፣ ድመትን ያንቀጠቅጣትና ይገድላታል። በመድኃኒት የተነከረ አጎበርም ቆራርጣችሁ አታንጥፉላት። ፓራሲታሞልም ያው፤ አንድ ባለ 500 ሚሊግራም እንክብል ትልቅ ድመት ይገድላል። "ትኩሳት አላት ብዬ ግማሽ ሰጠኋት" የሚል ሰው ይመጣል። አዝኖ ነው፣ ክፋት የለውም። ድመቷ ግን አትመለስም።

ወስፋት በእናት ወተት ይተላለፋል፣ ስለዚህ የመንገድ ግልገል ሁሉ አላት ብላችሁ ጀምሩ። ሆዷ ተነፍቶ ጎኗ የከሳ ከሆነ እሱ ነው። የትል መድኃኒት ከሐኪም ውሰዱ፤ በሚዛን ነው የሚሰጠው፣ በየሁለት ሳምንቱ ይደገማል። ጅራቷ ሥር የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ካያችሁ የድመት ኮሶ ነው፤ ከቁንጫ ነው የሚመጣው፣ ቁንጫውን ካላጠፋችሁ ይመለሳል። ክብ ሆኖ ፀጉሯ ከረገፈ ጭርት ነው፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል፣ የጎረቤት ልጆች እስክትድን አይንኳት።

የእብድ ውሻ በሽታ። ስሙ ውሻ ይበል እንጂ ድመትም ታስተላልፋለች። ሦስት ወር ሲሞላት አስከትቡ፣ ከዓመት በኋላ ድገሙ። ያልተከተበች ድመት ብትነክሳችሁ ወይም ደም እስኪወጣ ብትቧጥጣችሁ፣ በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡት። ሰዓት አይታችሁ፣ 15 ደቂቃ። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ። ምልክት እስኪታይ የጠበቀ ሰው ሕክምና የለውም።

ክር ረሳሁ። ልብስ ሰፊዎች ስሙኝ። የድመት ምላስ ወደ ኋላ የተገለበጠ እሾህ አለው፣ ክር አፏ ከገባ መትፋት ይቸግራታል፣ ትውጠዋለች። አንጀቷን እንደ ከረጢት ገመድ ይሰበስበዋል። ከአፏ ወይም ከኋላዋ ክር ተንጠልጥሎ ካያችሁ አትሳቡት! አንጀት ይቆርጣል። እንዳለ ይዛችኋት ኑ።

ከአራት ወሯ ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች። እርግዝናው 63 ቀን ገደማ ነው፣ ሦስትም አምስትም ትወልዳለች። አንዲት ድመት ለላጤ መድኃኒት ናት፣ ስድስት ድመት ግን ከአከራይ ጋር ጠብ ነው። በአራት በአምስት ወሯ ማምከን የሚሠራ ሐኪም ፈልጉ፤ ወንድ ከሆነ ማኮላሸቱ ይቀላል።

ፍቅሩስ፣ ትሉኛላችሁ። እሺ፣ አንድ ነገር ላሳያችሁ። አልጋ ሥር ገብታ አልወጣም ያለች ግልገል አለች እንበል። አትጎትቷት። መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ጎናችሁን ስጧት። ስታያችሁ ዓይናችሁን በቀስታ ጨፍኑ፣ በቀስታ ክፈቱ። እንቅልፍ እንደመጣው ሰው። እኤአ በ2020 የእንግሊዝ ሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይሄን ሞክረውት፣ ድመቶች ለሚያደርገው ሰው መልሰው ይጨፍናሉ፣ ወደማያውቁትም ሰው ይቀርባሉ ብለዋል። ጣታችሁ ጫፍ ላይ መረቅ ነክራችሁ ዘርጉ። አፍንጫዋ ይመጣል፣ ከዚያ ምላሷ፣ ሻካራ ነው፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ጭናችሁ ላይ ትወጣለች፣ ደረቷ ውስጥ እንደ ሩቅ ወፍጮ የሚሰማ ድምፅ ይጀምራል። ያኔ እናንተ ሳታውቁት "ውሮ" ትላላችሁ። ማታ ቤት ውስጥ የወጣው የመጀመሪያው ቃል እሱ ነው።

ሦስተኛው አጭር ነው። ላጤ ወደ ገጠር ይሄዳል፣ ለልቅሶ ይሄዳል፣ ለመውሊድ፣ ለገና ቤተሰብ ጋ ይሄዳል። ግልገል ብቻዋን አንድ ሙሉ ቀን አትተውም። ስለዚህ ጎረቤት ያስፈልጋል። ጎረቤት እንዲያበላት ደግሞ ቁልፍ ያስፈልጋል። እስካሁን ቁልፋችሁ ማን ጋ ነው ያለው? የብዙዎቻችሁ ማንም ጋ የለም። ታማችሁ ሁለት ቀን ብትተኙ በራችሁን የሚከፍት የለም ማለት ነው። ድመቷ ያንን ቁልፍ ጎረቤት እጅ ላይ ታስቀምጠዋለች። አከራዩን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ "አይጥ ትይዝልኛለች" ብትሉ ይሰማችኋል። ለግቢው ሰው ሁሉም ግን የአይጥ መርዝ አትበትኑ ብላችሁ ለምኑ፤ መርዝ የበላ አይጥ የበላች ድመትም ትሞታለች።

ጥያቄ? አዎ እናቴ።

(አስም አለብኝ፣ ፀጉሯ አይጎዳኝም ወይ የሚል ጥያቄ ነበር።) የሚጎዳው ፀጉሩ ራሱ አይደለም፣ በምራቋና በቆዳዋ ያለ ነገር ነው፣ ፀጉሩ ላይ ይደርቅና ይበናል። አስም ካለብዎ አያሳድጉ። እሷ ጎረቤት ጋ ትሁን፣ እርስዎ ቁልፉን ይያዙ።

ሌላ? አንቺ፣ በሩ ጋ ያለሽው።

(ከአዳራሹ ፊት ለፊት ኮንቴነር ሥር ከጠዋት ጀምሮ ግልገል ስታለቅስ ትሰማለች።) ከጠዋት? እናቷን ያየ ሰው አለ? የለም። አሁን 10 ሰዓት አልፏል፣ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ እየወረደ ነው፣ ዱቄት የምንነሰንስበት ጊዜ የለንም። ካርቶን ያለው? የቡናው ስኒ የመጣበት ይበቃል። ሹራብ የሚያውስ አንድ ሰው። እናቴ፣ ጀበናው አጠገብ ካለው ሙቅ ውሃ ለዚህ ጠርሙስ ይሙሉልኝ፣ እጅ የሚችለው ይሁን። አንቺ ፎጣ ይዘሽ ነይ፣ ስትይዣት ጠቅልለሽ ያዢ፣ ትነክሳለች። ሌሎቻችሁ ተቀመጡ፣ ሰው ሲበዛ ወደ ውስጥ ትገባለች። ቡናው በረካ ላይ ነው፣ ጠጡ።